የአዲስ ካሜራ ደስታና የገዢው ቅሬታ

አዲስ የቅየሳ መሣሪያ በሳጥኑ እንደታሸገ ከመጋዘን የወጣበትን ዕለት የማያስታውስ መሐንዲስ ጥቂት ነው። በዚያን ዕለት ሳጥኑን ለመክፈት የሚሽቀዳደመው ብዙ ነው፤ ብሎኑን በጣቱ ዳሰስ የሚያደርግ፣ ዓይኑን ከሌንሱ ላይ አሳርፎ የሩቁን ዛፍ የሚያቀርብ፣ የአዲሱን ቆዳና የቅባቱን ሽታ እንኳ ሳይቀር የሚያጣጥም አይታጣም። አንድም ነጥብ አይለካም፤ አንድም ማዕዘን አይመዘገብም። ሥራ የሚጀመረው በማግስቱ ነው።

ይህ ስሜት የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም፤ ፎቶግራፍ አንሺዎች ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ከካሜራ መደብር መስኮት ፊት ቆሞ ዋጋውን በልቡ የሚደምርና የሚቀንስ፣ ከደመወዙ ከወር ወር እያጠራቀመ በመጨረሻ ካርቶኑን አቅፎ የሚወጣ ሰው ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ አገሮች ታይቷል። ይህ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ካሜራውን ፊልም ሳያገባበት ደጋግሞ ቀጭ ያደርገዋል፤ ከሌሊቱ በስንት ሰዓት መብራት እንዳጠፋ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ናት።

ይህን ደስታ አንዳንዶች ከንቱ ምኞት፣ ሌሎች ደግሞ የልጅ ጨዋታ አድርገው ይቆጥሩታል። ነቀፌታው ጨርሶ መሠረት የለውም አይባልም። ይሁን እንጂ የካሜራን ታሪክ መለስ ብሎ ለሚመረምር ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ይታየዋል። ይኸውም ታሪኩን ወደ ፊት የገፉት ሰዎች በገዙት ካሜራ የረኩት ሳይሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ገዝተው ያልረኩት ወይም ለመግዛት ፈልገው አቅም ያነሳቸው መሆናቸው ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታም የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቆጠሩ ናቸው።

በ1877 ዓ.ም. በኒውዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ በአንድ የቁጠባ ባንክ ውስጥ በጸሐፊነት የሚሠራ ጆርጅ ኢስትማን የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ነበር። አባቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተበት በ14 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ፣ በሳምንት 3 ዶላር እየተከፈለው በኢንሹራንስ ቢሮ ሥራ ጀመረ፤ በ1874 ዓ.ም. ወደ ባንኩ ሲዛወር ደመወዙ በሳምንት 15 ዶላር ደረሰለት። ገቢና ወጪውን ሳንቲም በሳንቲም በደብተር የሚመዘግብ ቁጥብ ሰው ነበር። ይህ ወጣት ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ለመጓዝ ባሰበ ጊዜ አንድ የሥራ ባልደረባው የሚያየውን ሁሉ በፎቶግራፍ ቀርጾ እንዲያስቀር መከረው። ኢስትማንም ምክሩን ተቀብሎ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ለሌንስና ለልዩ ልዩ ዕቃ 49 ዶላር ከ58 ሳንቲም አወጣ። ይህ ገንዘብ ባንክ በገባበት ጊዜ በነበረው ደመወዝ ሲታሰብ ከሦስት ሳምንት የሚበልጥ የሥራ ዋጋ ነው። ለአንድ የከተማው ፎቶግራፍ አንሺም ሙያውን እንዲያሳየው 5 ዶላር ከፈለ።

ጉዞው ቀረ፤ ዕቃው ግን ቀረለት። ዕቃውም ምን ዓይነት ዕቃ እንደነበረ መረዳት ያስፈልጋል። ካሜራው የሳሙና ሣጥን ያህላል፤ እርሱን የሚሸከም ከባድ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አለው፤ ከዚህም ሌላ የመስተዋት ሰሌዳዎች፣ የኬሚካል ጠርሙሶች፣ የውሃ ዕቃና እንደ ጨለማ ክፍል የሚያገለግል ድንኳን ነበሩበት። ይህ ሁሉ ጓዝ ያስፈለገበት ምክንያት በ1851 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር ያስተዋወቀው የእርጥብ ሰሌዳ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ፎቶግራፍ አንሺው በመስተዋቱ ላይ ኮሎዲዮን የተባለውን ፈሳሽ ያፈስሳል፤ ቀጥሎም በጨለማ ውስጥ በሲልቨር ናይትሬት ይነክረዋል፤ ከዚያም ሰሌዳው ሳይደርቅ ፎቶግራፉን አንስቶ፣ አሁንም ሳይደርቅ ወደ ድንኳኑ ሮጦ ማጠብ አለበት። ሰሌዳው ከደረቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺ ተራራ ሲወጣ የሚወጣው ካሜራ ይዞ ሳይሆን አንድ ትንሽ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ተሸክሞ ነው ማለት ይቻላል።

ኢስትማን በኋላ ዘመን ስለዚህ ዕቃው ሲያወራ ቀልድ አይለየውም ነበር። ሲልቨር ናይትሬቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ ከከተማ የወጣ ዕለት በብዙ ጥንቃቄ ጠቅልሎ ከልብሱ ጋር ሻንጣ ውስጥ ከተተው፤ ክዳኑ ግን አፈሰሰና አብዛኛውን ልብሱን በማይለቅ እድፍ አበላሸበት። በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ወደምትገኘው ማኪናክ ደሴት በሄደ ጊዜ ደግሞ በተፈጥሮ የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ለማንሳት ሲያሰናዳ፣ ጎብኚዎች መጥተው ከድልድዩ ሥር ተደርድረው ቆሙለት። ግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ከቆዩ በኋላ አንዱ ቀርቦ የፎቶግራፉን ዋጋ ጠየቀው። ኢስትማን ለራሱ ደስታ የሚያነሳ እንጂ የሚሸጥ አለመሆኑን ሲነግረው ሰውየው እጅግ ተቆጣ፤ እንዲህ ከሆነ ለምን ነጋዴ አለመሆኑን የሚገልጽ ምልክት አይለጥፍም ነበር ብሎ ተናገረው ይባላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዕቃውን ሸጦ ይገላገል ነበር፤ ወይም ደግሞ የተሻለ ለመግዛት ሌላ 50 ዶላር ያጠራቅም ነበር። ኢስትማን ሁለቱንም አላደረገም። በደረሰው አንድ የእንግሊዝ የፎቶግራፍ መጽሔት ላይ በጄላቲን ስለሚሠራ የደረቅ ሰሌዳ ዘዴ አነበበ። ይህን ዘዴ በ1871 ዓ.ም. መጀመሪያ ያሳተመው ሐኪሙ ሪቻርድ ሊች ማዶክስ ነው። ኢስትማን ቀን በባንክ እየሠራ፣ ማታ በእናቱ ማዕድ ቤት ምድጃ ላይ ጄላቲንና የብር ጨው ያማስል ጀመር። አንዳንድ ሌሊት ልብሱን ሳያወልቅ እዚያው ወለሉ ላይ ይተኛ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ሰሌዳዎችን በጄላቲን የሚቀባ መኪና ፈልስፎ በለንደን የፈጠራ መብት አወጣበት፤ በ1881 ዓ.ም. የራሱን ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ በዚያው ዓመት ባንኩን ለቀቀ።

እዚህ ላይ ለመሐንዲስ የሚጠቅም አንድ ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ኩባንያው ገና በእግሩ ሳይቆም ሰሌዳዎቹ ባልታወቀ ምክንያት መበላሸት ጀመሩ። ኢስትማን ከነጋዴዎች እጅ ያለውን የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ሰብስቦ ያለ ክፍያ ተካላቸው፤ ምክንያቱንም ሲከታተል ከጄላቲኑ ሆኖ አገኘው። ለምን አንዱ ጄላቲን ሲሠራ ሌላው እንደማይሠራ ግን በትክክል የታወቀው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1920ዎቹ ዓመታት ነው። የኩባንያው ተመራማሪ ሳሙኤል ሼፓርድ እንዳረጋገጠው፣ ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ እንደመሆኑ፣ ከብቶቹ የበሉት ሰናፍጭና የመሳሰለው ተክል በውስጡ ጥቂት የድኝ ውሁድ ይተዋል፤ ሰሌዳው ብርሃን እንዲሰማው የሚረዳውም ይኸው እጅግ ጥቂት ድኝ ነው። የዓለም ፊልም ሁሉ ላሟ በበላችው ሰናፍጭ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ኢስትማን በ1888 ዓ.ም. ኮዳክ የተባለውን ካሜራ ለሽያጭ አቀረበ። ርዝመቱ ከ17 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ በቆዳ የተለበጠ ትንሽ ሣጥን ነበር። ዒላማ ማያ መስኮት የለውም፤ ርቀት ማስተካከያም የለውም። ባለቤቱ ገመዱን ይስባል፣ ቁልፉን ያዞራል፣ አዝራሩን ይጫናል፤ በቃ። ስንት እንዳነሳ የሚቆጥርለት እንኳ ስላልነበረ ራሱ በማስታወሻ ደብተር ይመዘግብ ነበር። 100 ፎቶግራፍ የሚያነሳ ፊልም በውስጡ ተጠቅልሎለት ይሸጥ የነበረው በ25 ዶላር ነው። ይህን ዋጋ ከ49 ዶላር ከ58 ሳንቲም ጋር ያነጻጽሯል፤ ኢስትማን ከ11 ዓመት በፊት ለዚያ ሁሉ ሸክም ካወጣው ግማሽ ያህሉ ነው።

የአዲስ ካሜራን ደስታ በሚመለከት ኮዳክ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ግን በዋጋው አልነበረም። ፊልሙ ሲያልቅ ባለቤቱ ካሜራውን እንዳለ በፖስታ ወደ ሮቸስተር ይልከዋል፤ ከ10 ዶላር ክፍያ ጋር። ፋብሪካው ፊልሙን አጥቦ፣ ፎቶግራፎቹን አትሞ፣ በካሜራው ውስጥ አዲስ ፊልም አግብቶ ይመልስለታል። በመሆኑም ገዢው በየመቶ ፎቶግራፉ አዲስ ጥቅል ይፈታል፤ የመጀመሪያው ቀን ደስታ ሳይደበዝዝ በፖስታ ተመልሶ ይመጣለታል። ጥቅሙ የሁለት ወገን ነበር፤ ፋብሪካው ካሜራውን አንድ ጊዜ ሲሸጥ ፊልሙን ግን ዕድሜ ልክ ይሸጣል። በ1900 ዓ.ም. ለልጆች ታስቦ የተሠራው ብራውኒ የተባለው ካሜራ በ1 ዶላር ብቻ ሲሸጥ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከ150,000 በላይ ተሠራጨ። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ የኩባንያው የ50ኛ ዓመት በዓል ሲከበር፣ በአሜሪካና በካናዳ በዚያ ዓመት 12 ዓመት ለሚሞላቸው ሕፃናት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ካሜራ በነጻ ታደለ። ይህ ሁሉ ስጦታ ከደግነት ብቻ እንዳልመነጨ ለመረዳት ብዙ ሒሳብ አያሻም። ይሁንና ካሜራ በእጁ ነክቶ የማያውቅ የሠራተኛ ልጅ በዚያ ቀን የተሰማውን ደስታ የነጋዴው ትርፍ አይፍቀውም።

የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች በዚህ ደስ አልተሰኙም። የኬሚካሉን ሽታ ያልቀመሰ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ ማለቱ አንገበገባቸው፤ አዝራር ተጫኝ እያሉም ይዘልፉት ነበር። ከእነርሱ ጋር መቆጠር የሚገባው፣ ነገር ግን በጊዜው ሐሳቡን የለወጠ አንድ ሰው አለ። አልፍሬድ ስቲግሊትዝ በበርሊን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ሳለ በ1883 ዓ.ም. በአንድ መደብር መስኮት ውስጥ ካሜራ አይቶ ገዛ። ከዚያ በኋላ ኢንጂነሪንጉ ተረሳ፤ የፎቶግራፍ ኬሚስትሪ መምህሩ ሄርማን ቮግል ዘንድ ተጠግቶ ቀረ። የሙያ ማኅበራችሁ አንድ አባል አጣ ቢባል ሐሰት አይሆንም። ስቲግሊትዝ በእጅ የሚያዙትን ትናንሽ ካሜራዎች መጀመሪያ ይንቃቸው ነበር። በ1893 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 22 ቀን ግን በኒውዮርክ አምስተኛ ጎዳና ላይ በበረዶ ማዕበል ውስጥ ሦስት ሰዓት ቆሞ፣ በፈረስ የሚጎተተውን ሠረገላ ጥሩ ሆኖ ከታየው ቅጽበት ላይ ያዘው። ስሙን ካስጠሩት ፎቶግራፎች አንዱ ይኸው ነው። የያዘው ካሜራ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ካሜራ ነበር፤ እርሱም የራሱ አልነበረም፤ ከሰው የተዋሰው ነው።

ሁለተኛው ያልረካ ሰው የጀርመኑ ኦስካር ባርናክ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተወለደው ይህ የረቂቅ መሣሪያ ሠራተኛ ተራራና ጫካ መዞር ይወዳል፤ ደረቱ ግን ደካማ ነበር፤ አስም ያሠቃየዋል። 13 በ18 ሴንቲ ሜትር የመስተዋት ሰሌዳ የሚወስደውን ካሜራ፣ ማቆሚያውንና የሰሌዳ ሻንጣውን ተሸክሞ በቱሪንጊያ ደን ዳገት ላይ ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል። በ1905 ዓ.ም. አካባቢ አንዱን ሰሌዳ ከፋፍሎ ብዙ ትናንሽ ምስል ለማንሳት ሞከረ፤ ሲተልቅ ግን ምስሉ ጥራጥሬ ብቻ ሆነበት። ዓላማው ትንሽ አሉታዊ፣ ትልቅ ፎቶግራፍ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህን የሚሸጥ መደብር በዓለም ላይ አልነበረም።

ባርናክ በ1911 ዓ.ም. በቬትስላር ከተማ ወደሚገኘው የላይትስ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ገባ። በዚያም የሲኒማ ፊልም ጥራቱ እየተሻሻለ እንደመጣ አስተዋለ። የሲኒማው ምስል 18 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባርናክ ፊልሙን በአግድም አስሂዶ ምስሉን እጥፍ አደረገውና 24 በ36 ሚሊ ሜትር አወጣ። ዛሬም በዲጂታል ካሜራ ዓለም ሙሉ መጠን የሚባለው ይኸው የባርናክ ልክ ነው። የመጀመሪያው ካሜራ በ1914 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፤ የፋብሪካው ባለቤት ልጅ ኤርንስት ላይትስ ዳግማዊ ራሱ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ አንዱን ይዞ ሄደ። ጦርነቱ መጣና ሥራው ተቋረጠ።

ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ አጥቶ፣ ማይክሮስኮፕ ገዢ ሲጠፋና ሠራተኛውን ማሰናበት ግድ እየሆነ ሲመጣ፣ የባርናክ ካሜራ እንደገና ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። በ1924 ዓ.ም. ጁን ወር በተደረገው ረጅም ስብሰባ የተቃወሙት ብዙዎች ነበሩ። ገበያውን የሚያውቁት ሰዎች ይህችን የአሻንጉሊት ያህል ካሜራ ማን ይገዛል ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ አስተሳሰብ ካሜራ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ላይትስ ሁሉንም ሰምቶ ኃላፊነቱን ራሱ ወስዶ ወሰነ። የሒሳብና የብርሃን ሊቁ ማክስ ቤሬክ ሌንሱን ቀመረለት፤ በ1925 ዓ.ም. የጸደይ ወራት በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ላይካ ለገዢ ታየች።

የካሜራ ዕቃ መግዛት እንደ ልክፍት የሚይዝ ነገር የሆነውም ከዚህ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ የላይካ ሌንስ የሚፈታና የሚቀያየር ሆነ። ካሜራው አንድ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባል ሆነ። ፋብሪካው በካታሎጉ ላይ ለእያንዳንዷ ዕቃ አምስት ፊደል ያላት የቴሌግራም መጠሪያ ሰጣት፤ ከሩቅ አገር ያለ ነጋዴ ባጭር ቃል እንዲያዝ። ርቀት መለኪያው ፎዲስ፣ የሌንሱ ጥላ ፊሶን፣ ለልዩ ልዩ ሌንስ የሚያገለግለው ማያ መስኮት ቪዶም፣ በቅርብ ማንሻው ኑኪ ይባል ነበር። እነዚህ ስሞች በየአገሩ ባሉ አፍቃሪዎች አፍ ላይ እንደ ወዳጅ ስም ተለመዱ። በ1932 ዓ.ም. ሳይስ ኢኮን የተባለው የድሬስደን ኩባንያ ኮንታክስ የተባለውን ተፎካካሪ ባወጣ ጊዜ ደግሞ በሁለቱ ደጋፊዎች መካከል የተነሣው ክርክር የእግር ኳስ ደጋፊዎችን የሚያስንቅ ነበር። የኮንታክስ ርቀት መለኪያ ሰፊና ትክክለኛ፣ መዝጊያውም ከብረት ቅጠሎች የተሠራ ነው፤ ነገር ግን የብረቱን ቅጠሎች የሚይዘው የሐር ጥብጣብ ይበጠስ ነበር። የላይካ መዝጊያ ተራ ጨርቅ ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። በሥዕል ወረቀት ላይ የተሻለው ንድፍ በእጅ ላይ የተሻለ እንደማይሆን ለመሐንዲስ መንገር አያስፈልግም።

ላይካ ከመደሰቻነት በላይ የሆነችበትም ጊዜ ነበር። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ኤርንስት ላይትስ አይሁዳውያን ሠራተኞቹንና ቤተሰቦቻቸውን በሥራ ዝውውር ስም ከጀርመን እንዲወጡ ረዳቸው። ከእነርሱም መካከል አዲስ ላይካ አንገታቸው ላይ አጥልቀው ኒውዮርክ የወረዱ እንደነበሩ ይነገራል። ገንዘብ ይዞ መውጣት በተከለከለበት ዘመን በየትም አገር ቢሸጥ ዋጋ የሚያወጣ ዕቃ ነበር።

ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን ላይካውን ያገኘው በ1932 ዓ.ም. በማርሴይ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት በአይቮሪ ኮስት ቆይቶ፣ በብርቱ የወባ በሽታ ከሞት ተርፎ የተመለሰ ሰው ነበር፤ በዚያ ያነሳቸው ፎቶግራፎች አብዛኞቹ በእርጥበት ተበላሽተውበታል። በመጽሔት ላይ ያየው የሃንጋሪያዊው ማርቲን ሙንካቺ ፎቶግራፍ፣ ሦስት አፍሪካውያን ልጆች ወደ ታንጋኒካ ሐይቅ ሲሮጡ የሚያሳየው፣ ወደ ካሜራ መለሰው። የካርቲዬ ብሬሶን ነገር ግን ከሌሎቹ ይለያል። ይህ ሰው ገዝቶ ረካ። የሚያብረቀርቀውን ብረት ሰው እንዳያስተውለው በጥቁር ሸፈነው፤ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ገጠመበት፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት በስፔን፣ በሕንድ፣ በቻይና ሲዘዋወር ከዚህ ሌንስ የተለየው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አዲስ ሞዴል ሲወጣ ካሜራውን ይለውጥ እንጂ ዓይኑ የለመደው ልክ አልተለወጠም። አዲስ ዕቃ የመግዛትን ደስታ የሚያወድስ ሁሉ ከዚህ ሰው ፊት ትንሽ መጨነቁ አይቀርም።

ሦስተኛው ቅሬታ ከጃፓን መጣ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በቶኪዮ አንድ የላይካ ሦስተኛ ሞዴል ከነሌንሱ 420 የን ሲያወጣ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በታወቀ ባንክ ሥራ የጀመረ ወጣት የወር ደመወዝ 70 የን ያህል ነበር። የስድስት ወር ደመወዝ ማለት ነው። ጎሮ ዮሺዳ የተባለ የሲኒማ ካሜራ ጠጋኝ አንዲት ላይካ አግኝቶ ብሎን በብሎን ፈታታት። በውስጧ ያገኘውን ሲናገር፣ አልማዝ የለባትም፤ ያለው ነሐስ፣ አሉሚኒየም፣ ብረትና ጎማ ነው ብሏል። ይህን ተራ ዕቃ በአንድ ላይ በማድረግ ብቻ ያን ያህል ዋጋ መጠየቁ አናደደው። በ1934 ዓ.ም. ከጓደኞቹ ጋር ክዋኖን የተባለ ካሜራ በመጽሔት አስተዋወቀ፤ ማስታወቂያው ሲወጣ ለገበያ የደረሰ ካሜራ ግን አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. ካኖን በሚል ስም የወጣው ካሜራ ከዚህ ቁጣ የበቀለ ነው። ዮሺዳ በአንድ ነገር ተሳስቷል፤ ዋጋው በነሐሱ ውስጥ ሳይሆን ነሐሱ በተፋቀበት የሚሊ ሜትር መቶኛ ውስጥ ነበር፤ ይህንንም እርሱና ባልደረቦቹ መሥራት ሲጀምሩ በላባቸው ተረዱት። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ጀርመኖች ራሳቸው ደነገጡ። በ1950 ዓ.ም. የላይፍ መጽሔት ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ዳግላስ ደንከን በቶኪዮ የኒኮር ሌንሶችን ሞክሮ አደነቃቸው፤ ገዝቶም በላይካው ላይ ገጥሞ ወደ ኮሪያ ጦርነት ይዟቸው ሄደ። የጃፓን መስተዋት ስም በዓለም የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1975 ዓ.ም. ደግሞ ታሪኩ ወደ ሮቸስተር ተመለሰ። በኮዳክ ኩባንያ የሚሠራ ስቲቭ ሳሶን የተባለ ወጣት የኤሌክትሪክ መሐንዲስ አንድ አዲስ የብርሃን መቀበያ ቁራጭ፣ 100 በ100 ነጥብ የምትይዝ፣ ለሥራ ይጠቅም እንደሆነ እንዲመረምር ታዘዘ። ሳሶን ከመደብር የገዛው ካሜራ አልነበረም፤ ሌንሱን ከሲኒማ ካሜራ ውዳቂ ዕቃዎች መካከል አነሣ፤ 16 ባትሪዎችና የካሴት መቅረጫ ገጠመለት። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ግራም የሆነው ይህ ሣጥን አንዱን ፎቶግራፍ በካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። የበላይ ኃላፊዎቹ ባዩት ጊዜ ሰው ፎቶግራፉን በቴሌቪዥን ለማየት ምን አስፈለገው የሚል ጥያቄ አነሡ። ፊልም እየሸጠ ለሚኖር ድርጅት ጥያቄው ከሞኝነት የመነጨ አልነበረም፤ ከሒሳብ ደብተር የመነጨ ነው። ኩባንያው በጃንዩዋሪ 2012 ዓ.ም. የኪሣራ ጥበቃ እንዲደረግለት ፍርድ ቤት ጠየቀ።

የሚገዛው ግን አሁንም ይገዛል፤ የሚገዛውም ሁልጊዜ አዲስ ካሜራ አይደለም። ባርናክ በ1936 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት ራሱ ይዞት ይዞር የነበረ፣ በ1923 ዓ.ም. ለሙከራ ከተሠሩት ጥቂት ካሜራዎች አንዱ የሆነ፣ ቁጥሩ 105 የተባለ ላይካ በጁን 2022 ዓ.ም. በዚያው በቬትስላር ለጨረታ ቀረበ። ዋጋው 14.4 ሚሊዮን ዩሮ ደረሰ፤ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለማንኛውም ካሜራ ያልተከፈለ ገንዘብ ነው። አስመኛው ባርናክ ዳገት ላይ እንዳያደክመው ብሎ በኮት ኪስ የሚገባ አድርጎ የሠራው ካሜራ ነበር፤ በማያ መስኮቱ አናት ላይም ስሙ ተቀርጾበታል።